“ባይ”፣ “ቻው”፣ “ተባረክ”

የስታዲየምን የባቡር ጣቢያ ደረጃ ወጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ አንድ ነገር አስተውላችሁ ይሆናል። ከልደታ፣ ከሜክሲኮና ከለገሃር በአንድ ሐዲድ የሚመጡት ሁለቱ መስመሮች እስከዚህ ድረስ አብረው ይጓዛሉ፤ ከዚህ በኋላ ግን አንዱ ወደ ቃሊቲ፣ ሌላው ወደ አያት ይለያል። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጣቢያው የመለያያ ቦታ ሆኗል። ማታ ከትምህርት ወይም ከመዘምራን ልምምድ አብረው የመጡ ጓደኞች ወሬያቸውን ሳይጨርሱ የአንደኛው ባቡር ይደርሳል። በሩ ሊዘጋ ሲል ለመሰናበቻ የሚተርፈው ጊዜ ለአንዲት ቃል ብቻ ይበቃል። አንዱ “ቻው!” ይላል፤ ሌላዋ “ባይ!”፤ ሦስተኛው “ተባረኩ!”

ከእነዚህ ሦስት ቃላት ጸሎት የሆነው የትኛው ነው? “ይኼም ጥያቄ ሆኖ ነው?” ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ታሪካቸውን እንይና ከዚያ ትመልሱልኛላችሁ።

“ባይ” የ“ጉድባይ” ቁራጭ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። “ጉድባይ” ራሱ የሌላ ነገር ቁራጭ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ሙሉው አነጋገር “ጎድ ቢ ዊዝ ዪ” ነበር፤ “እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን” ማለት ነው። እንግሊዞች ሲለያዩ የሚሰጣጡት ቡራኬ ነበር። አጥሮ ከተጻፈባቸው ቀደምት ሰነዶች አንዱ ገብርኤል ሃርቪ የተባለ ምሁር በ1573 እ.ኤ.አ. የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ እዚያ ላይ አራቱ ቃላት ተጨፍልቀው “ጎድብዋይ” የሚመስል አንድ ቃል ሆነዋል። ሰውዬው ቀልደኛ ነበርና ስንብቱን እንደ መጠጥ በጋሎን ይሰፍረዋል። ከቀልዱ እንደምንረዳው ቃሉ ያን ጊዜም ከብዛቱ የተነሣ ረክሶ ነበር። በኋላ “ጎድ” የሚለው ድምፅ እንደ “ጉድ ዴይ” እና “ጉድ ናይት” ባሉት ሰላምታዎች ተስቦ “ጉድ” ሆነ። (በእኛ ጆሮ “ጉድ” ሌላ ነገር መሆኑን ትተን፣ እነርሱ “መልካም” ማለታቸው ነው።) ቀጥሎ እሱም ወደቀና “ባይ” ብቻ ቀረ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የእግዚአብሔርን ስም ከዚያ ስንብት ያወጣው ከሓዲ አይደለም። በዐዋጅ የከለከለ ንጉሥም የለም። ችኮላ ነው ያወጣው። ዛሬ “እግዚአብሔር የለም” ብሎ የሚከራከር እንግሊዛዊ እንኳ ክርክሩን ጨርሶ ሲወጣ ሳያውቀው የቡራኬ ቅሪት ይናገራል።

በእንግሊዞች ከመፍረዳችን በፊት ወደ ራሳችን አፍ እንመለስ። “ጤና ይስጥልኝ” እንላለን። ማን ይስጥ? ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የለውም። “እግዚአብሔር” የሚለው ቃል ከፊቱ ወድቋል፤ “ይስጥ” የሚለው ግስ ብቻ ቦታውን ይዞለት ቀርቷል። ሰው ሲያስነጥስ “ይማርህ” እንላለን፤ “ያኑርህ” ተብሎ ይመለስልናል። የሚምረው ማን ነው? የሚያኖረውስ? በለቅሶ ቤት “ያጽናችሁ” እንላለን። አማርኛ በጸሎት የተሞላ ቋንቋ ነው፤ ጸሎት የሚቀርብለት ግን ብዙ ጊዜ በግሱ ውስጥ ተሸሽጎ ስሙ ሳይጠራ ያልፋል። ከእንግሊዝኛው የምንለየው ግሱን ገና ስላልጣልነው ነው።

ታዲያ ይህ ኃጢአት ነው? በዘፀአት ምዕራፍ 20 ቁጥር 7 የተሰጠውን ትእዛዝ ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ስሙን በከንቱ ስለ መጥራት ይናገራል፤ በዕብራይስጡ ያለው ግስ ግን “ማንሣት፣ መሸከም” የሚል ነው። ደስ የሚለው እኛም በአማርኛ “ስሙን አነሣ” እንላለን። ስም ይነሣል፤ እንደ ዕቃ ክብደት አለው ማለት ነው። አንሥቶ በባዶ ማስቀመጥ ነው የተከለከለው።

ይህን ትእዛዝና የጌታን “አዎን” እና “አይደለም” ትምህርት አጥብቀው ከያዙት ሰዎች መካከል በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የተነሡት ኩዌከሮች ይገኙበታል። መሪያቸው ጆርጅ ፎክስ “እንደምን አደራችሁ” እና “እንደምን አመሻችሁ” የመሳሰሉትን የዘመኑን ሰላምታዎች አልልም ብሎ ነበር። ባርኔጣም ለማንም አያነሣም ነበር። ልብ የሌለበት ቃል ሐሰት ነው፣ ስለዚህ ዝም ማለት ይሻላል ነው ነገሩ። አከብራቸዋለሁ፤ መንገዳቸውን ግን አልከተልም። ልማድ ሁልጊዜ የእምነት ጠላት አይደለም። አእምሯቸው በእርጅና ተዳክሞ የልጆቻቸውን ስም የረሱ እናት “እንዴት አደሩ?” ሲባሉ “እግዚአብሔር ይመስገን” ብለው ሲመልሱ ሰምታችሁ ይሆናል። ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ያ ቃል የቀረው በልማድ ብዛት ነው። ልባችን ሲደክም አፋችን ተሸክሞ የሚያሻግረን ቀን ስላለ ቃሉ አጠረ፣ ተለመደ ብዬ አልከራከርም። በባቡር በር ላይ “ተባረኩ” ያለው ወጣት ዓይኑን ጨፍኖ አልጸለየም ብዬም አልወቅሰውም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ቃል ነው፤ “እግዜር ይስጥልኝ”።

ይህን ቃል ቀስ ብላችሁ ፍቱት። “ይስጥ” አለ፣ “ል” አለ፣ “ኝ” አለ። እግዚአብሔር ለአንተ ይስጥህ፤ የሚሰጥህም በእኔ ፈንታ፣ ስለ እኔ ብሎ ነው። ምስጋና ሲሆን እንዴት ያምራል! ያደረግህልኝን መክፈል አልችልም፤ ከእኔ የሚበልጥ ባለጠጋ ግን አውቃለሁ፤ ዕዳዬን እሱ ይክፈልልኝ እንደ ማለት ነው። የተቀባዩን ትሕትናና የሰጪውን ክብር አንድ ላይ የያዘ እንዲህ ያለ ምስጋና በብዙ ቋንቋ የሚገኝ አይመስለኝም።

ያው ቃል፣ አንድም ፊደል ሳይለወጥ፣ ከጣቢያው ደረጃ ሥር ወይም በእስጢፋኖስ አጥር ጥግ እጃቸውን ለዘረጉት እናት ስንናገረው “የለም፣ እለፉኝ” ማለት ነው። እሳቸውም ትርጉሙን አሳምረው ያውቁታል፤ ቃሉ ገና ከአፋችን ሳይወጣ ፊታቸውን ወደሚቀጥለው መንገደኛ ያዞራሉ። እኛ የወንጌል አማኝ ወጣቶች ደግሞ “ተባረኩ እናቴ” በሚል ቀይረነዋል፤ የሚሠራው ሥራ ግን አንድ ነው። በምስጋናው ላይ “በእኔ ፈንታ” ማለት “አቅቶኛልና” ነበር። እዚህ ግን “በእኔ ፈንታ” ማለት “እኔ እንዳልሰጥ” ሆነ። የእግዚአብሔር ስም የተነሣው እጃችን ሳትነሣ እንድትቀር ነው። በከንቱ ማንሣት የሚለው ቃል ከዚህ የበለጠ የሚገባበት ቦታ አላውቅም።

አውቃለሁ፣ “መምህር፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ በኪሴ ያለው የታክሲ ብቻ ነው፤ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ለሚለምነኝ ሁሉ ብሰጥ በእግሬ ነው የምገባው” ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ለሁሉም ስጡ እያልሁ አይደለም። የምጠይቀው ስለ ቃሉ ነው። የሌለው ሰው “የለኝም እናቴ፣ ይቅርታ” ማለት ይችላል። ይህ አባባል ያሳፍራል፤ ዓይን ለዓይን ያጋጥማል፤ የምንሸሸውም ለዚህ ይመስለኛል። “እግዜር ይስጥልኝ” ግን አያሳፍርም። ሳንሰጥ የሰጠን ያህል ቀለል ብሎን እንድናልፍ ያደርገናል። አንዳንዶች “ዝም ብሎ ከማለፍ ቡራኬው አይሻልም ወይ?” ይላሉ። ይሻላል፤ ዝምታው ሰውየውን ከሰው ቁጥር ማውጣት ነውና። ነገር ግን ከሁለት ክፉ የተሻለውን መምረጥ ሌላ፣ እሱን “ጸሎት” ብሎ መጥራት ሌላ ነው።

ልመናን ያነሣሁት ስለሚታይ ነው። የባሰው የእርስ በርሳችን ነው። ከማስተምራቸው ወጣቶች አንዱ ከሥራ በተቀነሰበት ወቅት ያየውን ሲነግረኝ እንዲህ አለ፤ ከእሑድ ፕሮግራም በኋላ በግቢው ውስጥ ያገኘው ሰው ሁሉ ትከሻውን እየመታ “እንጸልይልሃለን፣ ጌታ ይከፍታል” አለው። የቤት ኪራይ እንደከፈለ የጠየቀው ግን አንድም አልነበረም። “ሁሉም መርቀውኝ ሄዱ” አለኝ። “ሄዱ” የሚለውን ጠበቅ አድርጎ ነው ያለው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የሚነግረን ይህንኑ ነው። ልብስና የዕለት ምግብ ላጡት ሰዎች በሰላም ሂዱ፣ ይሙቃችሁ፣ ጥገቡ እያለ የሚያሰናብት አማኝ እዚያ አለ። ልብ ብላችሁ ካነበባችሁት ያ ሰው ክፉ ቃል አልተናገረም። የተናገረው የስንብት ቡራኬ ነው፤ የዘመኑ “ጉድባይ” ልንለው እንችላለን። ያዕቆብም የጠየቀው ምን ይጠቅማቸዋል ብሎ ነው።

ይህን ነገር ከሥሩ የሚፈታልኝ የሩት መጽሐፍ ነው። በምዕራፍ 2 ቁጥር 4 ቦዔዝ ከቤተ ልሔም ወደ እርሻው ሲመጣ አጫጆቹን የሚሰላምበት ቃል በትክክል የእንግሊዞቹ አሮጌ ስንብት ነው፤ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን ይላቸዋል። እነርሱም ይባርክህ ብለው ይመልሱለታል። ዝቅ ብሎ በቁጥር 12 ደግሞ ለሞዓባዊቷ ሩት ትልቅ ቡራኬ ይሰጣታል፤ በክንፉ ሥር ልትጠለል የመጣችበት የእስራኤል አምላክ ዋጋዋን እንዲከፍላት ይመኝላታል። በእኛ ቋንቋ “እግዜር ይስጥልኝ” አላት ማለት ይቻላል። መልካም ሰው ነበርና በቃል አልተወውም፤ ውኃና እንጀራ ሰጣት፣ ሠራተኞቹም ከነዶው እየመዘዙ እንዲተዉላት አዘዘ። አዝመራው ሲያልቅ ግን ያች መበለት ያው መበለት ነበረች።

በምዕራፍ 3 ሩት በሌሊት ወደ አውድማው ትወርዳለች፤ ማን እንደሆነች ሲጠይቃትም የልብስህን ጫፍ በላዬ ዘርጋ ትለዋለች። በዕብራይስጡ የልብስ ጫፍና ክንፍ አንድ ቃል ናቸው፤ “ካናፍ”። ከእኛ “ክንፍ” ጋር የአንድ ሥር ቃል ነው። ቦዔዝ ለእግዚአብሔር የሰጠውን ቃል ሩት አንሥታ ለእሱው መለሰችለት። የእግዚአብሔር ክንፍ ይጋርድሽ ብለኸኝ ነበር፤ ያው ክንፍ የአንተ ልብስ ጫፍ ላይ አለ አለችው። ቦዔዝም አልተቆጣም። ቡራኬው ወደ ራሱ ሊመለስ እንደሚችል ያወቀ ይመስላል፤ ሌሊቱ ሲነጋ ወደ ከተማው በር ሄዶ ጉዳዩን ጨረሰ።

“ተባረክ” ስንል ተባራኪው እንዲህ ዞር ብሎ ቃላችንን ቢመልስልንስ? የዚያ ልጅ ነገር እዚህ ላይ ይገባኛል። “ጌታ ይከፍታል” ላሉት “እሺ፣ የአንተ መሥሪያ ቤት በር ክፍት ነው ወይ?” ብሎ ቢጠይቅ በጨዋነቱ ላይ ጥያቄ ይነሣ ነበር። ሩት ግን እንዲህ ብላ ጠይቃለች፤ መጽሐፉም ምግባረ መልካም ሴት ይላታል።

ባህላችን ለዚህ ነገር መልስ ያለው ይመስለኛል፤ ሽኝት ይባላል። የአገራችን ሰው እንግዳውን በር ላይ “ቻው” ብሎ አይዘጋበትም። “ትንሽ ልሸኝህ” ይላል። ከበር እስከ አጥር፣ ከአጥር እስከ አስፋልት ይወጣል። “በቃ ተመለስ” እየተባለ “ግድ የለም፣ እስከ ታክሲው” ይላል። ከዚያ በኋላ ነው “በሰላም ግባ” የሚመጣው። ቡራኬው የሚጀምረው እግር የሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው። ከዚህ በላይ አብሬህ መሄድ አልችልም፤ ከዚህ በላይ አብሮህ የሚሄድ ይኑር እንደ ማለት ነው። የኤፌሶን ሽማግሌዎችም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ጳውሎስን የሸኙት እስከ መርከቡ ድረስ ነው። “ከእናንተ ጋር ይሁን” የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ተናጋሪው ራሱ እስከ ቻለበት ድረስ “ከእናንተ ጋር” ከሆነ በኋላ ይመስለኛል። በባቡሩ በር ላይ የተጣለችው አጭር ቃል የማታሳስበኝም ለዚህ ነው። እነዚያ ጓደኛሞች እስከ መለያያው ድረስ አብረው መጥተዋል።

ከስታዲየም ተነሥታችሁ በእስጢፋኖስና በባምቢስ በኩል ወደ ላይ ብትራመዱ ብዙም ሳትደክሙ ኡራኤል ትደርሳላችሁ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው የተወሰዱት በዚያ አካባቢ ካለች ማኅበረ ምእመናን አገልግለው ሲወጡ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አብረዋቸው ነበሩ፤ በኋላ እሳቸውም ለብዙ ዓመታት ታሰሩ። የቄስ ጉዲና አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ከመወሰዳቸው በፊት ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ይህን ታሪክ የማነሣው ሁላችሁም ሰማዕት ሁኑ ለማለት አይደለም፤ በዚያ ዘመን የተሰደዱትንም አልወቅስም። አንድ ነገር ብቻ እንድታስቡ ነው። ቄስ በየእሑዱ ጉባኤውን በቡራኬ ያሰናብታል፤ የእግዚአብሔር ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን ይላል። ለአብዛኞቹ አገልጋዮች ይህ የፕሮግራሙ ማብቂያ ነው። መሄድ ሲችል የቀረ ሰው ሲናገረው ግን “ጋር” የምትለዋ ቃል ሌላ ክብደት ይኖራታል።

በዚያ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበርና አማኞች በየቤቱ ተደብቀው ይሰበሰቡ ነበር። በሳምንቱ መገናኘታቸውን እርግጠኛ ያልሆኑ ሰዎች “ጌታ ይባርክህ” ሲባባሉ ቃሉን ለመሙላት ጥረት የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም። ዛሬ ያው ቃል ብዙ ጊዜ መታወቂያ ሆኗል። በታክሲ ውስጥ ስልክ አንሥተን “ተባረክ ወንድሜ” ስንል ጎናችን የተቀመጠው ሰው ማን መሆናችንን ያውቃል፤ ለእሱ ግን “ተባረክ” አንለውም፤ “ወራጅ አለ” ብለን እንወርዳለን። ጌታችን በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ወንድሞቻችሁን ብቻ ብትሰላሙ ምን የተለየ አደረጋችሁ ብሎ የጠየቀው ይህን የመሰለውን ነገር ነው።

“ቻው”ን የረሳሁት እንዳይመስላችሁ። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ጣሊያኖቹ ደግሞ ከቬኒስ ሰዎች ወሰዱት። ቬኒሳውያን ሲገናኙም ሲለያዩም “ባሪያህ ነኝ” ይባባሉ ነበር። በጣሊያንኛ “ስክያቮ” ባሪያ ማለት ነው፤ በቬኒስ አፍ ተለስልሶ፣ ጫፉም ተቆርጦ “ቻው” ላይ ደረሰ። አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን ወጣቶችን “ዓለማዊ ሰላምታ ነው፣ ተባረኩ በሉ” እያሉ ሲገሥጹ እሰማለሁ። ከሦስቱ ቃላት ግን “ባይ” እና “ተባረክ” አንድ ነገር ከእግዚአብሔር ሲለምኑ፣ ተናጋሪውን ራሱን ዕዳ ውስጥ የሚያስገባው “ቻው” ነው። ጳውሎስ በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 4 ቁጥር 5 ስለ ኢየሱስ ሲል ራሱን የቆሮንቶስ ሰዎች ባሪያ አድርጎ ያቀርባል። ጌታም በመጨረሻው ማታ ከደቀ መዛሙርቱ ሊለይ ሲል ወገቡን ታጥቆ ያደረገው የባሪያ ሥራ ነበር። ሽማግሌዎቻችን ቃሉን ከመከልከላቸው በፊት ይህን ቢያውቁ እወዳለሁ፤ እናንተም ከማለታችሁ በፊት።